የትሬሜር ቤት ጽዋ

ከዕለታት አንድ ቀን በትራንሲልቫኒያ ተራሮች ውስጥ ሞትን የሚፈሩ አስማተኞች ይኖሩ ነበር። ሞትን መፍራትስ የማንም ነው። እነዚህ ግን ሞት ለገበሬና ለወታደር የተሠራ እንጂ ለተማረ ሰው የሚገባ አይመስላቸውም ነበር። ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት ነበራቸው፤ መድኃኒቱን የሚያሠራው አስማት ከዓለም ላይ እየሳሳ ሲሄድ ሽበታቸውን ማየት ጀመሩ። ያን ጊዜ ከመካከላቸው ደፋሩ፣ ጎራትሪክስ የሚባለው፣ ከማይሞቱ ፍጡራን ደም ቀዳ፤ በምትሃት ቀምሞም ለአለቃው ለትሬሜርና ለቅርብ ሰዎቹ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1022 ጠጡ።

እንደተመኙት አልሞቱም። ፀሐይ ግን ተከለከለቻቸው፤ የሰው ደም ካላገኙ ውለው የማያድሩ ሆኑ። ከሁሉ የከፋው፣ ያን ሁሉ ያደረጉለት አስማት ራሱ ጥሏቸው ሄደ። ከደም አዲስ ምትሃት እስኪፈጥሩ ድረስ ጥርስ ብቻ የቀራቸው ሊቃውንት ነበሩ።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ ከታተመው “ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ” ከተባለው የሚና ጨዋታ የመጣ ነው። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ይከባሉ፤ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ በየገጸ ባሕርያቸው ይመልሳሉ፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ 10 ገጽ ዳይስ ይጣላል። እዚያ ጭራቁን የሚገድል ጀግና አይኮንም፤ ጭራቁን ሆኖ መጫወት ነው። በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የሚኖር ጎሳ አለ፣ ውበት የሚያሳብደው አለ፣ ለመግዛት ተወለድኩ የሚል አለ። እኔን የያዘኝ የትሬሜር ቤት ነው፤ ከጭራቆቹ ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤት የሚሠራው እርሱ ነውና።

ወደ ተረቱ ልመለስ። በ1133 ትሬሜር ከጥንታውያኑ ቫምፓየሮች አንዱን፣ በፈዋሽነቱ የሚታወቀውን ሳውሎትን፣ ተኝቶ አገኘው። ደሙን እስከ መጨረሻው ጠብታ መጥጦ ኃይሉን ወረሰ። ቤቱም ግንባራቸው ላይ ሦስተኛ ዓይን ያላቸውን የሳውሎትን ልጆች ያሳድድ ጀመር፤ “ነፍስ ሰራቂዎች ናቸው” ብሎም አስወራባቸው። ወሬው ከተደጋገመ በኋላ ሌሎቹ ጎሳዎችም አመኑ። እንዲህ ያለው ወሬ መቼም ገበያ አያጣም። ደግሞም ከሌሎች ጎሳዎች የማረኳቸውን ቫምፓየሮች አዋሕደው የድንጋይ ቆዳና ክንፍ ያላቸው ባሪያዎች ሠሩ፤ እነዚያም ውለው አድረው አመፁ።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም። ትሬሜርም የበላዩን በልቶ የወጣ ስለነበር ከሥሩ የሚመጣውን ሁሉ በዚያው ዓይን ያየው ጀመር። ስለዚህ ቤቱን እንደ ፒራሚድ ሠራው። ከጫፉ ላይ 7 የምክር ቤት አባላት፣ በእያንዳንዳቸው ሥር 7፣ በድምሩ 49 ሊቃውንት፣ ከእነዚያ በታች 343 ጌቶች፣ ከዚያ የየከተማው ቤት አስተዳዳሪዎች፣ ከሁሉ በታች ጀማሪዎች። ዋናው መቀመጫ ቪየና ሆነ። አዲስ የገባ ሁሉ የሰባቱ ደም የተቀላቀለበትን ጽዋ ይጠጣል።

በዚህ ጨዋታ ሕግ የአንዱን ቫምፓየር ደም በሦስት የተለያዩ ሌሊቶች የጠጣ፣ ለባለ ደሙ የፍቅር ባሪያ ይሆናል። የትሬሜር ቤት የሚያጠጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የምትመጣዋ ጀማሪ የእኔ ናት።

ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ አስተዳዳሪውን ጠየቀችው። “ጌታዬ፣ ታማኝነቴን ከፈለጉ ለምን ሦስቱንም አያጠጡኝም?”

“ሦስቱን ብትጠጪ ባሪያ ትሆኛለሽ፤ ባሪያ ደግሞ አያስብም። ለደም ምትሃት የሚያስብ ሰው ያስፈልገናል። አንዱን ጠጥተሽ፣ ሁለቱ እንደቀሩሽ እያወቅሽ ትኖሪያለሽ። የሚያስተዳድርሽ የጠጣሽው አይደለም።”

“እርስዎስ ጠጥተዋል?”

“ጠጥቻለሁ። የበላዬም ጠጥቷል።”

ጠጣች። ትጉ ነበረችና በዓመታት ውስጥ ወጣች፤ አስተዳዳሪ ሆነች፣ ከዚያ ከ343ቱ አንዷ። በወጣች ቁጥር ትእዛዙ የሚለዝብ መስሏት ነበር። ታች ሳለች የሚደርሳት ወረቀት ከባድ ነበር፦ ይህን ሰው ሰልዪ፣ ያኛውን ከቤተ መጻሕፍት አግጂ፣ እከሌን ቅጪ። ላይ ወጥታ የእነዚያኑ ትእዛዞች መነሻ ስትፈልግ ግን ቃሉ እየቀለለ ሄደ። “ቅጪ” የተባለው አንድ እርከን ወደ ላይ “ገሥጹ” ነበር፤ ከዚያ በላይ “አስቡበት”፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ ፊቱን ማጨፍገጉ ብቻ ነበር። ከዚያም በላይ ያለውን ለማየት አንድ ሌሊት ወደ ቪየናው ቤት ምድር ቤት ወረደች።

በሩ ላይ ከሰባቱ አንዱ፣ ኤትሪየስ፣ ቆሟል። ከጀርባው ትሬሜር ተኝቷል። ይህንንም እኔ አልጨመርኩትም፤ በጨዋታው መጻሕፍት ውስጥ የቤቱ መሥራች አብዛኛውን ዘመኑን የሚፈጀው በእንቅልፍ ነው፣ ኤትሪየስም ይጠብቀዋል።

“ጌታዬ፣ ታዲያ የሚያዝዘን ማነው?” አለች።

“ማዘዝ አያስፈልገውም” አላት ኤትሪየስ። “እኔ ቢነቃ ምን ይል ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከእኔ በታች ያሉት እኔ ምን እንደምል ይገምታሉ። አንቺም የእነርሱን ትገምቻለሽ።”

“ተሳስተን ብንገምትስ?”

“አክብዶ ገምቶ የተቀጣ አላየሁም። አቅልሎ የገመተ ግን አለ። ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል።”

እዚህ ላይ ልጅቱ ትጮኻለች፣ በሩን ትሰብራለች፣ ታች ወርዳ ጀማሪዎቹን ታስነሣለች ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። ብታደርገው ደስ ባለኝ። ግን ነገሩን ከእርሷ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ከሥሯ ያሉት የሚፈሯት ለራሷ ብለው አይደለም፤ ከበላይዋ ያለውን አስበው ነው። ላይ ያለው ተኝቷል ብላ ብትናገር መጀመሪያ የምትወድቀው እርሷ ናት። ኤትሪየስም አትንገሪ አላላትም፤ ማለት አላስፈለገውም። ወጣች፣ በሯን ዘጋች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያደረውን ወረቀት አነሣች። “አስቡበት” ይላል። ጥቂት አሰበችና “ገሥጹ” ብላ ጽፋ ወደ ታች ላከችው።

በሳምንቱ አዲስ ጀማሪ መጣ። ጽዋውን ያቀረበችለት እርሷ ናት። ልጁ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ጠየቃት፤ የተነገራትን ቃል በቃል ነገረችው። እኔ ክፋት የምለው ይህን ነው። የልጅቱ ልብ እንደ ድንጋይ አልጠጠረም፤ ለልጁ አዝናለት ነበር። ኀዘኗ ግን የሚሰፍርበት መዝገብ አልነበረም፤ ጽዋውን ማቅረቧ ግን በስሟ ተመዝግቧል።

የቀረው አጭር ነው። በጨዋታው አምስተኛ እትም እንደተተረከው በ2008 ሰዎች መጡ። የመንግሥታት የስለላ ሰዎችና የቤተ ክርስቲያን አዳኞች አብረው ቪየናን ወረሩ፤ የትሬሜር ቤት ዋና መቀመጫ ፈረሰ። ያን ሁሉ ዘመን ለእርስ በርስ ጥርጣሬ የተዘረጋው ወጥመድ ከውጭ ለመጣ ጠላት አልሠራም፤ ፊቱ ወደ ውስጥ ነበርና።

ከዚያ በኋላ በየከተማው ያሉት አስተዳዳሪዎች እንደ ልማዳቸው የበላይን ሐሳብ ሊገምቱ ተቀመጡ፤ የሚገምቱት የበላይ ግን አልነበረም። ገሚሱ ፒራሚዱን ትቃወም የነበረችውን ካርናን ተከተለ። ገሚሱ የጎራትሪክስን ስም አንሥቶ ለብቻው ቆመ። የቀረው ያ ፒራሚድ እንደገና ይሠራ እያለ ይሟገታል፤ እርከኑ ላይ የት እንደነበረ አይረሳም።

ደማቸውም ተለወጠ። በ2018 የታተመው የአምስተኛው እትም ሕግ እንደሚለው፣ ፒራሚዱ ከፈረሰ ወዲህ የትሬሜር ደም ሌላ ቫምፓየርን በፍቅር ማሰር አይችልም፤ ሦስት ጊዜ ቢጠጣም፣ ሠላሳ ጊዜ ቢጠጣም። የሌላው ጎሳ ደም ግን ዛሬም እነርሱን ያስራቸዋል።