ኢሞ እምቢ ሲልሽ

ቤሩት ዳር፣ ኦዛይ ሰፈር ውስጥ ስልኳ እንዲሠራላት ለምትፈልግ እህት ምክር የሚሰጥ ሞልቷል። ስልኳ ተበላሽቶ እንዲቀር ለምትፈልገው ግን እስካሁን የጻፈ የለም። ይህ ለእሷ ነው።

ሁሉም በሰላምታ ይጀመራል። አዲስ አበባ «ስልክ ያውቃል» ለሚባለው የአክስትሽ ልጅ «ሰላም ነህ ወንድሜ? አለህ?» ብለሽ ላኪና ዝም በይ። ጉዳይሽን አብረሽ እንዳትጽፊ፤ ሰውየው ሳይመልስ ጉዳይ መዘርገፍ ነውር ነው። አንቺ ዋይፋይ የምታገኚው አሠሪሽ ማዳም ስትተኛ ነው፣ ያኔ እሱም ተኝቷል። ጠዋት «አለሁ፣ ምነው?» ሲልሽ አንቺ ወለል ላይ ነሽ፣ ስልክሽ መሳቢያ ውስጥ። ማታ «እናትህ ደህና ናት?» ትይዋለሽ። በማግስቱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልሻል። ችግሩ ሳይነሳ እሑድ ይደርሳል። በእርግጥ ሰላምታውንም ችግሩንም ባንድ መልእክት መላክ የሚከለክል ወግ የለንም፤ ግን ይህን ለማንም አትንገሪ።

ችግሩን መናገር ግድ ከሆነ «ስልኬ እምቢ አለኝ» ይበቃል። አልከፈት ያለው ኢሞ ይሁን ዋትስአፕ፣ ተከፍቶ ይዘጋ ወይ ድምፅ ይጥፋበት፣ ካርድሽ አልቆ ይሁን፣ መለየቱ የእሱ ፋንታ ነው። እንግሊዛዊው ፕሮግራመር ሳይመን ታተም እ.ኤ.አ. በ1999 ብልሽት ስለማሳወቅ በጻፈው ጽሑፍ ሰው ያደረገውንና ያየውን በትክክል እንዲናገር ይለምናል። አሜሪካዊው ኤሪክ ሬይመንድም በ2001 ስለ ብልህ አጠያየቅ ረዥም መመሪያ አወጣ። ሁለቱም የማዳም ዋይፋይ ጠብቀው አያውቁም።

ስልክሽ ከሱቅ ሲገዛ ቋንቋው ዓረብኛ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። «አንድ ቀይ ነገር መጣ፣ እሺ አልኩት ጠፋ» በይ። ስክሪን ሹት አታንሺ። የአክስትሽ ልጅ ጽሑፉን ለሚያነብለት ሰው አሳይቶ ነገሩን በአንድ ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል። የግድ ካለሽ በጓደኛሽ ስልክ ፎቶ አስነሺው፣ አምፖሉ መስታወቱ ላይ እያበራ።

ቮይስ መላክ ከመረጥሽ ሰፈሩ ራሱ ይተባበርሻል። የቤሩቱ ራፊቅ ሐሪሪ አውሮፕላን ማረፊያ ጎናችን ነው፤ አውሮፕላኑ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው መቅዳት ጀምሪ። እሱ ካለፈ የቤት ዕቃ ሠሪዎቹ መጋዝ አለ፣ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር አለ።

ትልቁ ጥበብ ግን ሰዓት ላይ ነው። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አይሠራም» በይና በእኛ ይሁን በእነሱ፣ ጠዋት ይሁን ማታ አትግለጪ። ሊባኖስ ራሷ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በዚህ አስተምራናለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ሚቃቲ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋበትን ቀን ወደ ረመዳን መጨረሻ አስተላለፉት። የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን አልቀበልም አለች፣ አገሩም ለቀናት በሁለት ሰዓት ኖረ። ስልክ ግን የማንንም መግለጫ አይሰማም፣ በቀድሞው ደንብ ራሱን ይገፋል። ስለዚህ ሰዎች ሰዓታቸውን በእጅ እንዲያስተካክሉ ተነገራቸው።

በእጅ ማስተካከል! ለእኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። ሴቲንጉ ውስጥ ከተገባ አይቀር ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ መሙላት ነው፤ ያኔ በእኛ 2015 ነበር። አፑ ከሩቁ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ያ ኮምፒውተር ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ሰርተፍኬት ይቀበላል፤ ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። 2015 ላይ ነኝ ብሎ ላመነ ስልክ፣ በ2023 የወጣ ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም። በሩን ይዘጋል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ የሚከፈት ነገር ግን የለም። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ልጁ «ቀኑን ነክተሽዋል?» ሲልሽ «ምንም አልነካሁም» በይው። ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ስንት ባለሙያ አስመርራለች መሰለሽ።

ልጁ መልስ ሲያዘገይ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ጠይቂ፣ አንዱ ያለሽን ለሌላው ሳትነግሪ። አንዱ አፑን አጥፊው ይላል፣ ሌላው ካርድ ሙዪ፣ ሦስተኛዋ ቫይረስ ነው ትላለች። ሁሉንም አድርጊ። ከዚያ ሱቅ ሂጂና በዓረብኛ «ኸርባን»፣ ተበላሽቷል፣ በይ። ብዙ ሱቅ ለኸርባን ያለው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት፣ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት። ፓስፖርትሽ ማዳም ጋ ነው፣ ያለሽ ቅጂ ስልክሽ ላይ ያለው ፎቶ ብቻ ነው፤ ይህን ለሱቁ ልጅ አትንገሪው። እሱም ካልጠየቀ አይነግርሽም።

ፎርማት ከተደረገ በኋላ ዋትስአፕ 6 ቁጥር ያለው ኮድ እልካለሁ ይላል። የሚልከው በከፈትሽበት ቁጥር ነው፣ ያ ሲም ደግሞ ካርድ ሳይሞላ ከርሞ ሞቷል። እዚህ አገር ያልተሞላ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል። ኮዱ ለማያውቅሽ ሰው ይደርሳል፣ አንቺም «ዋትስአፕ ሌባ ነው» እያልሽ ማልቀስ ትችያለሽ።

ቁጥርሽ በሕይወት ካለም ተስፋ አትቁረጪ። አንድ ቀን «የኢሞ ሠራተኛ ነኝ» ወይም «የአገርሽ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ይጽፍልሻል። ሰላምታውንም ጉዳዩንም ባንድ መልእክት ያመጣል። ስልክሽ ምን ዓይነት ነው? ቁጥርሽ ስንት ነው? መቼ ነው ያቆመው? ስክሪኑ ላይ ምን ጻፈ? ታተም ቢያየው ይኮራበታል። በመጨረሻ አሁን የሚመጣልሽን 6 ቁጥር ላኪልኝ ይልሻል፤ ያለ አውሮፕላን ድምፅ፣ በጽሑፍ፣ ሳታዘገዪ ላኪለት። ከዚያ በስምሽ ለእህትሽ ሲጽፍላትም ስንት ብር እንደሚፈልግ፣ በየትኛው ባንክ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ሁሉንም በሦስት መስመር ይጨርሰዋል።