አቶ ነጥብ አምስት

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በየዓመቱ፣ የጥምቀት ታቦት በገባ በሳምንቱ ገደማ፣ ቤት ያለው ሰው ቤት የሌለውን ሊቆጥር ሌሊት ይወጣል። የፌዴራሉ መንግሥት ቆጠራው በጃንዋሪ የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ እንዲካሄድ ያዛል። የካሊፎርኒያ መንግሥትም ለከተሞችና ለካውንቲዎች የሚሰጠውን የቤት አልባዎች ገንዘብ የሚያካፍለው ይኸው ቁጥር በሚያሳየው ድርሻ ነው። ስለዚህ ቆጠራው የዋዛ ነገር አይደለም። መንገድ ዳር የተኛ እያንዳንዱ ራስ፣ ራሱ ባያውቀውም፣ በስቴቱ ዋና ከተማ በሳክራመንቶ ሒሳብ አለው።

እኔም በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ወጥቻለሁ። ከመሰማራታችን በፊት በጥብቅ የተነገረን መመሪያ፣ ድንኳን አትንኩ፣ የተኛ አትቀስቅሱ፣ ማንንም አታናግሩ የሚል ነበር። አንድ ሽማግሌ የተከፈተ ሻንጣ አጠገብ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው በቀጥታ ያዩኛል። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ የስልኬን መስታወት በአውራ ጣቴ ነካ አደረግሁና፣ «እንደምን አመሹ» ሳልል ሄድኩ። እናቴ ይህን አይታ ቢሆን ኖሮ የወለደችኝን ቀን ትረግም ነበር።

ለካስ ጥበብ ነው! ሰላምታ ቁጥር ያበላሻል። ሰላም ያሉት ሰው ስሙን ይነግራል። ስሙን ያወቁት ሰው ከየት እንደመጣ ያወራል፣ ሥራው መቼ እንደቆመ፣ ኪራዩ መቼ እንዳለፈበት፣ የመኪናውን ቁልፍ ማን እንደወሰደበት። እንዲህ እያሉ ሰዉን ሁሉ ቢያዳምጡ ቆጠራው እስከ ፋሲካ አያልቅም። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ውጤቱ ያማረ ነው፤ በ2024 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ቁጥር 75,312 ሆኖ ወጣ። ወደ 75,000 ገደማ አይደለም፤ 75,312። ያቺን የመጨረሻዋን ሁለት ያገኘው ሰው ሽልማት ይገባዋል።

ይህ ትክክለኛነት እንዴት እንደሚገኝ ልንገራችሁ። ድንኳን ሲቆጠር ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ አይታይም። መክፈት ደግሞ ክልክል ነው፤ ክልክል መሆኑም ደግ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በሌላ ጊዜ ባደረጉት ጥናት ለአንድ ድንኳን የደረሰውን አማካይ ያወጡና የድንኳኑን ብዛት በዚያ ያባዙታል። አማካዩ እንደ ዓመቱና እንደ አካባቢው ይለያያል፤ ለጨዋታችን እንዲመች አንድ ተኩል እንበለው። ካርቶን ላይ የተኛው አንድ ሰው ነው። ድንኳን የዘረጋው አንድ ተኩል ነው።

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በዚህ ነውር አያይም፤ አማካይ ማለት እንዲህ ነው። እኔን ግን ያ ትራፊው፣ ያ ከድንኳኑ ጥግ ኩርምት ብሎ የተቀመጠው ግማሽ ሰው፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስም እንኳ ያወጣለት የለም። አቶ ነጥብ አምስት ብዬዋለሁ።

አቶ ነጥብ አምስትን የመሰለ ጨዋ ቤት አልባ አይገኝም። አይበላም፣ አያስልም፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ አይሸናም። ውሻ የለውም፤ «ያለ ውሻዬ መጠለያ አልገባም» ብሎ አያስቸግርም። ሚስት የለችውም፤ «የወንዶች ክፍል ብቻ ነው ያለን» ሲባል አይቆጣም። ከሳክራመንቶ የሚመጣለትን ድርሻ ግን ሳያጓድል ለከተማው ያስገኛል። ገንዘብ እያመጣ ምንም የማይጠይቅ ሰው በአገሬ የማውቀው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ለእቅድ የሚመች መሆኑ ነው። ከተማው «በሁለት ዓመት ይህን ያህል እቀንሳለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሙሉ ሰው መቀነስ አበሳ ነው። ሙሉ ሰው ቁልፍ ይፈልጋል፣ ቁልፉ በር፣ በሩ ግድግዳ ይፈልጋል። የሎስ አንጀለስ መራጭ በ2016 ለዚህ ጉዳይ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አጽድቆ ነበር፤ በ2022 የከተማው ኦዲት ሲወጣ፣ በመሠራት ላይ ያሉት ቤቶች የአንዱ አማካይ ዋጋ 600,000 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ። አቶ ነጥብ አምስትን ለማስወጣት ግን ሲሚንቶም፣ የግንባታ ፈቃድም፣ የጎረቤት ስብሰባም አያሻም። በሚቀጥለው ዓመት ማባዣውን ከአንድ ነጥብ አምስት ወደ አንድ ነጥብ አራት ዝቅ ማድረግ ነው፤ በአንድ ሌሊት በርካታ የነጥብ አምስት ወገን ከጎዳና ይነሳል፤ የት እንደገባም የሚጠይቅ የለም።

ደግሞ ቤት ልስጠው ቢባልስ? ግማሽ ክፍል፣ ግማሽ አልጋ፣ ትከሻን ብቻ የሚያርስ ሻወር፤ 300,000 ዶላር ይበቃዋል። ጎረቤቶቹም በጣም ይወዱታል። «ሰፈራችን ውስጥ አይሠራም» ብለው ሰልፍ የሚወጡት ሰዎች የሚፈሩት ሰው ነው፤ አቶ ነጥብ አምስት ደግሞ ገና ሰው አልሆነም። አደጋው ሁለት ነጥብ አምስቶች ከተገናኙ ነው፤ ያኔ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸውና ወዲያው ፖሊስ ይጠራባቸዋል።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ በምትባለው ሰፈራችን፣ ይህ ነገር እድር ድረስ ቢደርስ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። አቶ ነጥብ አምስት አረፉ። ስብሰባ ተጠራ። ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መተዳደሪያ ደንባችን ለሙሉ አባል ነው የሚለው» ይላሉ። አንዱ፣ «ግማሹ በሕይወት ካለ ራሱ ለራሱ መዋጮ ይክፈል» ይላል። ሌላው፣ «ንፍሮው በግማሽ ይቀቀላል፣ ልቅሶው ግን አይከፈልም» ይላል። ሴቶቹ፣ አስከሬኑ ከወገብ በላይ ነው ከወገብ በታች ብለው ይጠይቃሉ፤ ልቅሶው ይለያያላ። ይህ ሁሉ ሆኖ ድንኳን ተተከለ እንበል። በሥሩ ሁለት መቶ ሰው ተቀምጦ ሳለ ቆጣሪዎቹ በመኪና መጡ። መመሪያው መመሪያ ነውና አልወረዱም፤ አላናገሩም፤ አንድ ድንኳን ብለው ነካ አደረጉ። ስልኩ አንድ ተኩል ሰው መዘገበ። ሟቹ ተነሱ ማለት ነው፣ ተጨማሪ አንድ ሰው ይዘው።

ለአቶ ነጥብ አምስት ግብርም እንከፍላለን። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ካውንቲው ውስጥ ከምንገዛው ነገር ላይ ለቤት አልባዎች ከዶላሩ ግማሽ ሳንቲም ይነሳል፤ መራጩ በ2024 ያጸደቀው ነው። ጥብስ በልቼ ደረሰኙ ላይ ሳየው ደስ ይለኛል። ግማሽ ሳንቲም ለግማሽ ሰው፤ ፍትሕ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ካውንቲ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ቤት የሌላቸው ሰዎች ሞተዋል። እነዚያ በአማካይ አልተሰሉም። አንድ በአንድ፣ ሙሉ ሰው ሆነው ነው የተመዘገቡት።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በኖቬምበር 2022 አገረ ገዢው ጋቪን ኒውሰም ከተሞችና ካውንቲዎች ያስገቡትን እቅድ አዩ። ሁሉም ተደምሮ በ2024 የጎዳና ቤት አልባነትን የሚቀንሰው በ2 ከመቶ ነበር። ተቆጡና 1 ቢሊዮን ዶላር ያዙ። በዚያው ወር ከንቲባዎቹ መጥተው አነጋገሯቸው፤ ከፍ ያለ ግብ እንጽፋለን አሉ፤ ገንዘቡ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ግብ መጻፍ ድሮም ወጪ የለውም።

የገንዘቡ ጸባይም መልካም ነው፤ ሁልጊዜ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ነው። በ2019 የተጀመረው ዋናው የስቴቱ ድጎማ ዓመት በመጣ ቁጥር ለአንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ኖሮ፣ ለ2025-26 በጀት አዲስ ገንዘብ ሳይመደብለት ቀረ፤ ለቀጣዩ ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ይኖራል ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ። በዚህ ገንዘብ ለረጅም ዘመን የሚቆይ ቤት እንዲያዘጋጁ የሚጠበቅባቸው ከተሞች ለምን ድንኳን ማንሳቱን እንደሚመርጡ መገመት አይከብድም፤ ድንኳን ማንሳት በአንድ ጠዋት ያልቃል፣ ፎቶውም ያምራል።

ስለ ድንኳን ማንሳቱ ደግሞ የማውቃት አንዲት የአገሬ ልጅ አጫውታኛለች። ኬዝ ማናጀር ናት። አንድ ደንበኛዋን ቤት ለማስገባት የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይጠየቃል። ከወራት ደጅ ጥናት በኋላ ሁለቱንም አወጣችለት። በላስቲክ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ፣ ካልሲው መሃል አስቀመጠው። ድንኳኖቹ እንደሚነሱ የሚገልጽ ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እሱ ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሲመለስ አስፋልቱ ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ ሻንጣው በቆሻሻ መኪና ሄዷል።

«እና ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«እንደገና ጀመርን ጋሼ። ፎርሙን ሞላሁ።»

«መታወቂያውን የጣለው ማን ነው?»

«መንግሥት።»

«የሚያወጣለትስ?»

«እኛው፤ በመንግሥት ገንዘብ።»

አንዱ እጅ ሲጥል ሌላው ሲያነሳ ሁለቱም ደሞዝ ይበላሉ። ሥራ ፈጠራ የሚሉት ይህን ነው።

አሁን ግን ሽሙጡ ሰልችቶኛል። በኤፕሪል 2024 የካሊፎርኒያ ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት፣ ስቴቱ በአምስት የበጀት ዓመታት ወደ 24 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከ30 በላይ በሆኑ ፕሮግራሞች አውጥቷል፤ ምን ውጤት እንዳመጣ ግን በወጉ አልተከታተለም። ኦዲተሩ አምስት ፕሮግራሞችን መርጦ ቢመረምር፣ ሦስቱን የሚመዝንበት በቂ መረጃ አላገኘም፤ ከሦስቱ አንዱ ያ ለከተሞችና ለካውንቲዎች የሚሰጠው ድጎማ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ያ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። እሳቸውን በሌሊት፣ በባትሪ፣ በካርታ፣ በበጎ ፈቃደኛ ሠራዊት ቆጥረናቸዋል። በስማቸው የወጣው ብር ምን እንደሠራ የቆጠረ ግን አልነበረም። ይህ ስንፍና አይባልም፤ ነውር ነው።

ምን እንደሚሠራም ይታወቃል። ያው ኦዲተር ከመረመራቸው አምስቱ መሃል ሁለቱን አዋጭ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሏቸዋል። አንዱ በ2020 በኮሮናው ጊዜ የተጀመረው ሆምኪ ነው፤ ሞቴልና ሆቴል ገዝቶ ወደ መኖሪያ የሚቀይር፤ አልጋው፣ ቧንቧው፣ በሩ አስቀድሞ ያለ፤ አዲስ ከመገንባት በእጅጉ የረከሰ። ሌላው ልጆች ላሏቸው ድሃ ቤተሰቦች ኪራይ የሚያግዘው ነው። ሁለቱም ተአምር የለባቸውም። ቤት ገዝተው ሰው ያስገባሉ፣ ኪራይ ከፍለው ሰው እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ለእነዚህ በየዓመቱ የማይነቀነቅ የበጀት መስመር ይኑር፤ ከተሞችም እቅድ ይዘው ሲመጡ ይቀነሳል ስላሉት መቶኛ መጠየቁ ይቅርና፣ ባለፈው ዓመት በተሰጣችሁ ስንት ቁልፍ ለስንት ሰው አስረከባችሁ፣ ከዓመት በኋላስ ስንቱ እዚያው አለ ተብለው ይጠየቁ። መልሱ አንድ ገጽ አይሞላም።

ያቺን ልጅ በቀደም አገኘኋት። ኮንትራቷ በጁን መጨረሻ ያበቃል፤ የእሷም ደሞዝ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነው ገንዘብ ነበር።

«ደንበኞችሽ እንዴት ሊሆኑ ነው?»

«ለሚተካኝ ሰው አስረክባለሁ።»

«ማን ነው የሚተካሽ?»

«ገና አልተቀጠረም። በጀቱን እየጠበቁ ነው።»

«እና እስከዚያ?»

«እስከዚያማ የሽግግር እቅድ ጻፊ ተብያለሁ ጋሼ። አሥራ አምስት ገጽ።»