ስምንት አንቴና ለሃያ ሜጋ

አቃቂ ከአንቴና ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የሬድዮ ጣቢያ የቆመው እዚሁ አቃቂ ነበር። ጣሊያን ድንበር ላይ ጦሩን ሲያከማች የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ባሕር ተሻግሮ የተሰማው በዚያ ጣቢያ ነው። ያ ጣቢያ ታዲያ አንድ ጣጣ ነበረበት፤ የሚናገረው ነገር ነበረው። የዘመናችን የአቃቂ ቃሊቲ አንቴናዎች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ከሳሪስ አቦ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በየሳሎኑ ስምንት ስምንት ሆነው፣ ወደ ኮርኒሱ ቀጥ ብለው፣ ቡፌ ላይ ተኮፍሰዋል። ምን እንደሚሠሩ ግልጽ ባይሆንም ቁመናቸው ያምራል።

ይህን የምጽፈው ላመሰግን ነው። ሰው ሁሉ በኑሮ ውድነት በሚያማርርበት ዘመን፣ የሃያ ሜጋ መስመር አስገብቶ የ19 ሺህ ሜጋ ራውተር የሚገዛ ጨዋ ሲገኝ ዝም ማለት ንፉግነት ይሆናል።

አንዱን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ እገሌ እንበላቸው። ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ፣ የዕድር ዳኛ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ዋናው ቤት በብሎኬት፣ ከኋላ ያለው ሰርቪስ ደግሞ በቆርቆሮ ነው የተሠራው። ፋይበር ሲገባላቸው ሠራተኞቹ ቀጭኗን ገመድ ከምሰሶው ስበው፣ ግድግዳ በስተው፣ አንዲት ነጭ ሳጥን ሰቅለው ሄዱ። ሳጥኗ ራሷ ዋይፋይ አላት፤ ትሠራለችም። ጋሼ ግን አልተዋጠችላቸውም። “ይቺ?” አሉ፤ “ይቺ ናት ፋይበር የተባለችው?”

ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ለገና ልትመጣ ስትል ደወለች።

“አባዬ፣ ምን ላምጣልህ?”

“ትልቁን።”

“ትልቁን ምን?”

“ትልቁን ዋይፋይ ነዋ!”

ልጅ የአባቷን ቃል አታጥፍምና ትልቁ መጣ። ካርቶኑ ላይ “ዋይፋይ 7” እና “ቢኢ 19000” የሚል ጽሑፍ በወርቅማ ቀለም ታትሟል። ጋሼ ካርቶኑን አልጣሉትም፤ ከራውተሩ አጠገብ አቁመውታል። እንግዳ የሚያነበው ካርቶኑን ነው፤ ራውተሩማ አይናገርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በጋሼ ውል ላይ የተጻፈው 20 ሜጋ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 19,000 ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ለምትመጣ ለእያንዳንዷ ሜጋ 950 ሜጋ አጃቢ ተመድቦላታል። እንዲህ ያለ አጀብ ሚኒስትርም አያገኝም። በሃያ ሜጋ መስመር አንድ ጊጋ ተኩል የሚመዝን ፊልም ለማውረድ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አጃቢው ከመምጣቱ በፊት ዐሥር ደቂቃ ነበር፤ ከመጣም በኋላ ዐሥር ደቂቃ ነው። ልዩነቱ አሁን ዐሥሩን ደቂቃ በክብር መጠበቃቸው ነው።

ደግሞ ይህ 19,000 የሚባለው ቁጥር አመጣጡ ያስቃል። ራውተሩ በሦስት ሞገድ ይሠራል፤ በ2.4፣ በ5 እና በ6 ጊጋኸርዝ። የሦስቱ ጣሪያ በወረቀት ላይ ተደምሮ፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ፣ ካርቶኑ ላይ ይለጠፋል። ጣሪያው የተለካው ግድግዳ በሌለበት፣ ጎረቤት በሌለበት ዓለም ነው። የጋሼ ስልክ በበኩሏ መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ከሦስቱ ሞገድ አንዱን፣ 2.4ን ብቻ የምታውቅ ምስኪን ናት። የ6 ጊጋኸርዙ ሞገድ ሌሊትና ቀን ይጠራታል፤ አትሰማውም።

አንዳንድ ምቀኛ “የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር የ10 ሺህ ሊትር ሮቶ እንደ መስቀል ነው” ብሎ ሊያሽሟጥጥ ይችላል። ይህ ሮቶን መሳደብ ነው። ሮቶ የመጣውን ያጠራቅማል። ራውተር አንዲት ሜጋ ለነገ አያሳድርም።

ዕቃው እንዴት እንደሚመረጥ መቼም ታውቃላችሁ። በመጀመሪያ ልጆች ዩቲዩብ ያያሉ። አንድ አሜሪካዊ ቤቱ የገባውን የዐሥር ጊጋ መስመር እያሳየ የትኛው ራውተር እንደሚያዋጣ ይተነትናል። ልጆቹ ይህን ትንታኔ የሚያዩት በ144 ፒ፣ ክቧ እየዞረች፣ ሰውየው በየሁለት ቃሉ እየደረቀ ነው። ከዚያ ገበያ ይወጣል።

“ይሄ ፍጥነት ይጨምራል?”

“በእጥፍ!”

“ግድግዳስ?”

“ግድግዳ ይበሳል!”

በውልህ ላይ ስንት ሜጋ ተጽፏል ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ የለም፤ የደንበኛ ጓዳ መጠየቅ ነውር ነው።

ለነገሩ አሜሪካዊው አልተሳሳተም። በቴነሲ ግዛት ባለችው ቻታኑጋ የከተማዋ የመብራት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ለቤት ዐሥር ጊጋ መሸጥ ጀምሯል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢኒት7 የተባለው ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 25 ጊጋ አቅርቧል። እዚያ ሰውየው የሚጀምረው ከመስመሩ ነው። መስመሬ ዐሥር ጊጋ ከሆነ የራውተሬ መግቢያ ዐሥር ጊጋ መቀበል አለበት፤ ገመዴ ካት 6ኤ ይሁን፤ ኮምፒውተሬም የዐሥር ጊጋ ካርድ ከሌለው ልፋቴ ከንቱ ነው ይላል። ከምንጩ ወደ ማዕዱ ይወርዳል። ያም ሆኖ ስልኩ በዋይፋይ የሚያገኘው ከዐሥሩ ጥቂቱን እንደሆነ ያውቃልና አይገረምም። እኛ ዘንድ ምርጫው የሚጀምረው ከቡፌው ስፋት ነው።

ስለ ቡፌው ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። የጋሼ ራውተር የተቀመጠው በመስታወት በር ውስጥ፣ በሠርግ ብርጭቆዎችና በወርቅ ቅብ ሲኒዎች መካከል ነው። ከጀርባው መስታወት አለ፤ የመስታወት ቅብ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከላዩ ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተደርቦበታል። ስምንቱ አንቴናዎች በዳንቴሉ ቀዳዳ ብቅ ብቅ ብለዋል። የራውተሩ ማስተንፈሻ ከላይ ነውና በዳንቴሉ ታፍኖ፣ ከሰዓት በኋላ እጅ ሲያስነኩት ይፋጃል። “ጋሼ፣ ይሄ ነገር አየር ያስፈልገዋል” ቢሏቸው፣ “አቧራስ?” አሉ። የቃሊቲን አቧራ የሚያውቅ ሰው ለዚህ መልስ የለውም።

የልጅ ልጃቸው የሚያጠናው በሰርቪሱ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚያለቅሰውም እሱ ብቻ ነው። ሞገዱ ከቡፌው ወጥቶ፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ፣ የላሜራ በሩን ታግሎ፣ በመጨረሻ የሰርቪሱ ቆርቆሮ ፊት ይቆማል። ቆርቆሮ አይበሳም። ነጋዴው ስለ ግድግዳ እንጂ ስለ ቆርቆሮ አልማለም። አንድ የሰፈር ባለሙያ መጥቶ ገመድ ወደ ሰርቪሱ ተስቦ ርካሽ የሆነች ትንሽ ማሠራጫ ብትሰቀል ልጁ እንደሚገላገል ነገራቸው። ጋሼ በትዝብት አዩት። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ እያለ! ያቺን ትንሿን ደግሞ ማን ያያታል? ሰርቪስ ቤት እንግዳ አይገባም።

ባለሙያው ምንም ሳይሠራ እንዳይሄድ ራውተሩን ከነጯ ሳጥን ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ቀየረ፤ የመጣው አጥሮ ቡፌው ድረስ አልደረሰማ። አዲሱ በሜትር የተገዛ ነው። ላዩ ላይ “ካት 6” ይላል፤ ውስጡ የመዳብ ቅብ ያለው አሉሚኒየም ነው። ሲጎተት ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ተበጠሰች። አንድ ጊጋ እንዲያልፍ ስምንቱም ሽቦ ጤነኛ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሁለቱ መሣሪያዎች ተነጋግረው ወደ መቶ ሜጋ ይወርዳሉ። ወረዱ። የ19 ሺሁ ጌታ እነሆ በመቶ ሜጋ ገመድ ይኖራል። ይህን ከቤተሰቡ ያወቀ የለም፤ ሊያውቅም አይችልም። በዚያ ገመድ የሚያልፈው ሃያ ብቻ ነዋ!

መብራት ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያምራል። የቤት ፋይበር አንድ የሚያስቀና ጠባይ አለው፤ ከማዕከሉ እስከ ቤት ድረስ በመንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለበትም። ብርሃኑ በመስታወት ክር ብቻ ይመጣል፤ በየመንገዱ ያለው ማከፋፈያም ብርሃን ከመክፈል በቀር ሥራ የለውም። ማዕከሉ ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው አቃቂ ጨልማም ብርሃኑ ደጃችን ድረስ ይደርሳል። የሚሞተው የኛ ሳጥን ነው። ለእሷ ደግሞ በ12 ቮልት የምትሠራ፣ ከመጽሐፍ የማትበልጥ ባትሪ ብትገዛላት ጥቂት ሰዓት ትቆያለች። ነጯ ሳጥን ጥቂት ዋት ብቻ ነውና የምትጠጣው። ትልቁ ራውተር ግን አይሆንለትም፤ የአንዳንዱ መሙያ 60 ዋት ይላል። ትንሿ ባትሪ ይህን ስታይ ትጠፋለች። ስለዚህ ጋሼ በርካሽ የሚበራውን ዋይፋይ አጥፍተው በውድ የሚጠፋውን አበሩ። መሙያው ራሱ የአሜሪካ ነው፤ ጠፍጣፋ ጥርሱ ከኛ ሶኬት አልገጥም ብሎ በኮንቨርተር ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ፣ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ይወዛወዛል። መብራት ባይሄድም እሱ ይሄዳል።

ምንም እንኳ ጨዋ ሰው ከአጥሩ ውጭ ባያይም፣ ከቤት ውጭ ያለውንም እንይ። ጂፖን በሚባለው፣ በብዙ አገር ለቤት ፋይበር በሚያገለግለው ሥርዓት፣ አንዱ ክር 2.5 ጊጋ ያህል ይዞ መጥቶ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 32ቱ ቤቶች በአንድ ደቂቃ እኩል ቢጎትቱ ለእያንዳንዱ ወደ 78 ሜጋ ይደርሰዋል። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ጋሼ 19 ሺህ ቢገዛ ክሩ አይወፍርም። ከዚያ አልፎ፣ ወደብ የሌላት አገራችን ከዓለም የምትገናኘው በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ የኢንተርኔት ገመዶች ሲቆረጡ የየትኛውም ሳሎን አንቴና ጠልቆ አልቀጠላቸውም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይም ውድ ራውተር ያለውና የሌለው እኩል ዜና የሰማው ከሬድዮ ነው። ራውተሮቹ ግን በእነዚያ ቀናት ሁሉ በታማኝነት እያበሩ ነበር። ዋይፋዩ ሙሉ አራት ዘንግ ያሳይ ነበር። የጠፋው ኢንተርኔቱ ብቻ ነው።

ምቀኛ ያልኩት ሰው አሁንም አልተወኝም። ጋሼ ለራውተሩ የወጣውን ገንዘብ ጥቅላቸውን ከፍ ወዳለው ቢቀይሩበት ኖሮ ልዩነቱን በዚያው ቀን ያዩት ነበር ይላል። ነጯ ሳጥን ከቤቱ መሀል ከፍ ብላ ብትሰቀል፣ አንድ ጤነኛ ገመድ ወደ ሰርቪሱ ቢሄድ፣ ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ከሚዳክር በገመድ ቢያያዝ ይላል። ሰውየው አንድ ነገር አልገባውም። ይህ ሁሉ ርካሽ ነው፤ ከዚያም ይብስ አይታይም። ዕድርተኛ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ጋሼ ምን ሊያሳዩ ነው? ጥቅል? በኮርኒስ ውስጥ የተቀበረ ገመድ? “አራት ኬ ፊልም ለማየት እኮ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚጠይቀው 15 ሜጋ ነው” ብላችሁ ብትነግሯቸውስ፣ የሃያውን መስመር በቂነት አምነው ትልቁን ዋይፋይ ለልጃቸው ሊመልሱ ነው?

ባለፈው ጎረቤታቸው መጥቶ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ አየ። ስምንቱን አንቴና ቆጠረ። “ስንት ይሄዳል ጋሼ?” አላቸው። “አሥራ ዘጠኝ ሺህ” አሉ ጋሼ፣ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ። ጎረቤቱ በማግሥቱ ባለ አሥራ ሁለት አንቴና አዘዘ። የእሱ መስመር ዐሥር ሜጋ ነው።

በሜሪላንድ፣ በሲያትልና በዳላስ ያላችሁ ልጆች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ለበዓል ስትመጡ “ትልቁን” ካሏችሁ እሺ በሏቸው፤ ከአባትና ከእናት ጋር አይከራከሩም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በሰፈር ያለ አንድ ልጅ ሁለት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ አንዱ የውሉን፣ ስንት ሜጋ እንደሆነ የሚታይበት፣ ሌላው በነጯ ሳጥን መሙያ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር። ከዚያ ባትሪዋን በዚያ ልክ ግዙላቸው፤ በተረፈው ገንዘብ ጥቅላቸውን አሳድጉ። ለቡፌው ደግሞ ባዶ ካርቶን ብቻ አምጡላቸው።