የሰው ቤንዚን

በሒሳብ ከሄድን፣ ከደሴ መካነ ሰላም የሚሄድ ሞተረኛ መጠባበቂያ ቤንዚን አያስፈልገውም። የባጃጅ ቦክሰር ታንከር 11 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ደህና የተያዘ ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ደሴ ተመልሶ እንኳ ይተርፈዋል። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ግን የጉጉፍቱን ዳገት አልወጣም፤ ወሎ ውስጥም ዘመድ የለውም።

ጉጉፍቱን እናስቀድም። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ደግሞ ዳገት መውጣቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቤንዚኑን በለመደው መጠን ይለቃል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ያ 40 ኪሎ ሜትር የተባለው ነገር እዚያው ዳገት ላይ ይቀራል። ይህም ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤንዚን የሚጨርሰው ጉጉፍቱ አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

እኔ የምይዘው ባለሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። አያያዙ ሥርዓት አለው። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ይሞላል፤ አፉ ላይ ፌስታል ሁለት ተደርጎ ይታጠፍና ክዳኑ በላዩ ይጠብቃል፤ ከዚያ በአሮጌ ካላማዳሪያ ቅዳጅ ከኋላው መጫኛ ጋር ይጠፈራል። ፌስታሉ ከሌለ ቤንዚኑ በክዳኑ ጥርስ በኩል ላብ ላብ ይልና ኮትህም፣ ቦርሳህም፣ ለአማትህ የገዛኸው ስኳርም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ከአንገት ዝቅ የሚደረገውም ለስስት አይደለም፤ ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይተናል። በደጋው ብርድ ግጥም ተደርጎ የተሞላ ሃይላንድ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሆዱን ነፍቶ ታገኘዋለህ። ሃይላንድ ለውኃ እንጂ ለቤንዚን እንዳልተሠራ አውቃለሁ። ሲጋራ ይዞ ሞተሬን የሚጠጋ ሰው ሳይ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም የምጮኸው ለዚህ ነው።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው የብረቱ ጀሪካን ነው። ጀርመኖች በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ለጦራቸው ሲሠሩት ሦስት እጀታ አደረጉለት፤ ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲይዘው፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ሁለት እንዲያንጠለጥል። 20 ሊትር ተሞልቶም ከላይ አየር ስለሚቀርለት ውኃ ላይ ቢወድቅ ይንሳፈፋል። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ በስስ ቆርቆሮ የያዙት ቤንዚን በየመንገዱ እየፈሰሰ ቢያስቸግራቸው፣ የጠላታቸውን ጀሪካን እየማረኩ ተጠቀሙበት፤ በኋላም አስመስለው ሠሩት። ሦስት እጀታ ያሰቡት ጀርመኖች ታዲያ አንድ ነገር አላሰቡም፤ ጀሪካን ከሩቅ ይታያል። ባለ20 ሊትር ጀሪካን ጭነህ አቀስታ ከተማ ብትገባ ሰልፍ ይያዝልሃል። ሃይላንድ ቢያንስ በጋቢ ይሸፈናል።

ሰልፉን የሚያመጣው ምን እንደሆነ ደሴ ላለ ሰው መንገር አያሻም። ቤንዚኑ ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ይራገፋል፤ በቦቴ ጋላፊን አልፎ የአፋርን ሐሩር ያቋርጣል፤ ከሚሌ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ከዚያ ደሴ ይወጣል። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ መካነ ሰላም ለመግባት ጥቂት ሲቀረው ይደክመዋል። ስለዚህ በእኛ በኩል «ማደያ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «ገብቷል?» ነው። ገብቶም ከሆነ ክፍያው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በስልክ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ኢንተርኔት በሌለበት «ኮከብ 127 መሰላል» ብሎ ለመክፈል መሞከር ይቻላል፤ ኔትወርኩ ራሱ ካለ። ቤንዚን ከጅቡቲ መጥቶ ፊትህ ቆሞ፣ ገንዘቡም ስልክህ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሽማግሌ ይጠፋል።

በሃይላንድ መቅዳት ማደያ ላይ ክልክል ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ አዋጅም በሕገወጥ ሽያጭ ላይ ቅጣቱን አክብዶታል። ደንቡ የወጣበት ምክንያት ይገባኛል፤ ግን ዳገት ላይ ቤንዚን ጨርሶ የቆመ ሞተር ራሱ በእግሩ ማደያ ድረስ መምጣት አለበት ማለት ነው። አይሱዙ ለምነው፣ ሞተሩን ጭነው፣ ከነሙሉ ክብሩ ማደያ አውርደው የሚያስቀዱ አሉ። ብልሆቹ ግን ታንከራቸውን ሞልተው ጥግ ይዘው በቱቦ ይገለብጡና ተመልሰው ሰልፍ ይይዛሉ።

የዚህ ግልባጭ መጨረሻው መንገድ ዳር ነው። ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ 2014 በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ከ100 ብር ተሻገረ፤ የመንገድ ዳሯ ሃይላንድ ግን የራሷ ታሪፍ አላት። ዋጋዋ የሚወሰነው ሞተርህን እየገፋህ ነው ወይስ እየነዳህ ነው የመጣኸው በሚለው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቤንዚን ቢጨርስም ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ሞተሩን አቁሞ፣ ላቡን ጠርጎ፣ እንደ ሽርሽር እያፏጨ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ጠብታ መዳፉ ላይ አድርጎ እፍ ይላል። ወዲያው ቀዝቅዞ ከደረቀ ቤንዚን ነው። ቅባት ትቶ ከቀረ ላምባ ወይም ናፍጣ ገብቶበታል፤ ሻጩም ወዲያው «ወላሂ እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» ይላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሁሉ ተቸግሬ የያዝኩትን ሃይላንድ እኔ ራሴ ተጠቅሜበት አላውቅም። ጊምባ ሳልደርስ አንድ የግብርና ባለሙያ ያማሃውን አቁሞ በሁለት እጁ ያስቆመኛል። ሁኔታውን አያስረዳም፤ አያስፈልግምም። ዓይኑ ከእኔ አልፎ ጋቢው ላይ ያርፋል። ጋቢ ብቻውን እንዲያ በካላማዳሪያ እንደማይታሰር እሱም ሞተረኛ ነውና ያውቃል። «አብሽር፣ ግማሹን ብቻ» ይላል፤ ግማሽ ሃይላንድ የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ከተከፈተ አለቀ።

ከሁሉ የማይረሳኝ አቀስታ አጠገብ የነበረው ሰርግ ነው። ጭፈራው ሲግል ጀነሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ድንኳኑ ጨለመ፤ ሙሽራው በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ሽማግሌዎች በባትሪ እየተመሩ ወደ እኔ መጡና ቆመው ቀሩ። «ተቀመጡ» ብላቸው፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አገሬንና ወገኔን ጠየቀ፣ ስለ አባቴ ደግነት ተናገረ፤ አባቴን አያውቀውም። ሁለተኛው መረቀኝ። ሦስተኛው ሃይላንዱን ፈትቶ ጨርሷል። በዚያ ሌሊት ሰርገኛው እስኪነጋ የጨፈረው በእኔ መመለሻ ነው፤ ጠዋት ታንከሬን ሳንኳኳ ያየኝ የሙሽራው አጎት «አላህ ይተካልህ» አለኝ።

ላሊበላን አይተው የሚያልፉ ፈረንጅ ሞተረኞች ከሚነዱት መካከል ቢኤምደብሊው ጂኤስ አድቬንቸር የሚባለው ታንከሩ ብቻ 30 ሊትር ይይዛል። ሰው ሲያደንቀው እሰማለሁ። እኔ አልመኘውም። በ2 ሊትር እንዲህ የሆንኩት ሰው በ30 ሊትር ሳይንትን፣ ከላላንና ወግዲን ጨምሬ መዛመዴ ነው።

አማቴ የሚኖሩት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። ሞተር የላቸውም፤ ያላቸው በቅሎ ነው። ከደሴ ልነሳ ስል ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ቤንዚኗን እንዳትረሳ።»

«አባባ፣ ቤንዚን ለአንቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለእኔማ ምን ያደርግልኛል! የጎረቤት ልጅ ሞተር ገዝቶ ቆሞበታል። ‘አማቼ ከደሴ ይዞልህ ይመጣል’ ብዬዋለሁ።»

«ስንት ሊትር አሉት?»

«ሊትሩን እኔ የት አውቄው! ‘ይሞላልሃል’ ነው ያልኩት።»