ሽሮ በኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን፣ አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ከሥሩ ተጽፎ የማየው ነው፦ «የበረራ ጊዜ 13 ሰዓት»። የማን 13 ሰዓት? ከዚያ ሲመጡ እንጂ! ያኔማ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። ከዚህ ሲኬድ ግን መንገድ ላይ ለነዳጅ ይታረፍና ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል።

ጥፋቱ የቦሌ ነው ይባላል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለተቀመጠ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን የሚያነሳው፣ ሞተሩም የሚምገው ያንሰዋል። ስለዚህ ከነሙሉ ጭነቱ ታንኩን ጢም አድርጎ መነሳት አይሆንለትም።

መሐንዲሶቹ ያልጠቀሱትን እኔ ልንገራችሁ፦ ሽሮ። ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ፤ 46 ኪሎ ማለት ነው። ከእኛ ሰው 45 ይዞ የሄደ ካለ ያስተዋውቁኝ። 250 ሰው ይሳፈር እንበልና እናባዛው፦ 11,500 ኪሎ! ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ድርቆሽ ጭነን ስናበቃ ስስ አየሩን እናማለን።

ሚዛኑ ጋ ቁሙና እዩ። 24 ተኩል ሲል ሻንጣው መሬት ላይ ይከፈታል። በሦስት ፌስታል የታሰረው በርበሬ ይወጣል፣ ይገላበጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የሚቀነሰው ጫማ ነው። ሸኚው ውጭ ቆሞ ጫማውን ይቀበላል።

ይህ ያስቀኛል። የማያስቀኝ «አሜሪካ እኮ ቅርብ ነው፣ አንድ እንቅልፍ ነው» የሚለኝ ሰው ነው። አክስቴ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ሊያገባ ነው ተብሎ ለቪዛ ቢያመለክቱ፣ የተቀጠሩት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው። ካለፈ በኋላ! ለእሳቸው መንገዱ ስንት ሰዓት ነው? ልጁን በእጃቸው አጉርሰው ላሳደጉት ሴት 13 ብለህ ንገራቸው እስቲ። አንተ ፓስፖርትህን ኪስህ ከተህ ደርሰህ ትመለሳለህ፤ ቅርብማ ለአንተ ነው!

እሳቸው ግን የእኔን ያህል እንኳ አልተናደዱም። ለሰርጉ ያስደቆሱትን በርበሬ መንገደኛ ፈልገው ላኩ። «ሁለት ኪሎ ብቻ ናት» ብለው ነው የሰጡት። ሁለት ኪሎ የተባለ የአደራ ዕቃ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሁለት ኪሎ ሲሆን ደግሞ አላየሁም።

ኋላ ሙሽሮቹን እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት በስንት ሰዓት ልደውል ብለው ጠየቁኝ። «ከእኛ ሰባት ሰዓት ይቀንሱ፤ በእነሱ ክረምት ከሆነ ስምንት» አልኳቸው።

«አሁን ክረምታቸው ነው?»

«ሰዓታቸውን ከለወጡ ነው።»

«ደግሞ ይለውጡታል?»

ወረቀት አምጥቼ ማስላት ስጀምር ስልኩን አስቀመጡት። «ሲነቁ እነሱ ይደውሉ» ብለው ወደ ቡናቸው ሄዱ።