ሥዩመ ነጥብ፦ ከናይጄሪያ ወደ ካናዳ የመዛወር ሥርዓት

ከናይጄሪያ ወደ ካናዳ መዛወር ናይጄሪያውያን «ጃፓ» ከሚሉት ስደት አንዱ ዘርፍ ሲሆን በሁለት ምዕራፍ ይፈጸማል። በመጀመሪያው ምዕራፍ አመልካቹ የተማረ፣ የሠራና የቆጠበ ሰው መሆኑን በማስረጃ ያረጋግጣል። በሁለተኛው ምዕራፍ የተማረውም የሠራውም እንደማይቆጠርለት ይነገረዋል። ምዕራፎቹን የሚያስፈጽሙት ልዩ ልዩ አካላት ስለሆኑ በመካከላቸው ቅራኔ የለም፦ የመጀመሪያው የኦታዋ መንግሥት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የቀጣሪው፣ የአከራዩና የሙያ ማኅበሩ። ስደተኛው ሁለቱንም ወገን አንድ ካናዳ አድርጎ ማየቱ የራሱ ስሕተት ነው።

ካናዳ ስደተኛን በነጥብ መመዘን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ በዓለምም ቀዳሚዋ እርሷ ነበረች። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የሚመዘነው የመጣበት አገርና የቆዳው ቀለም ስለነበር፣ ለውጡ ትልቅ እንደነበር መካድ አይገባም። በጥር 2015 ደግሞ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የተባለው ሥርዓት መጣ። በዚህ ሥርዓት የሰው ልጅ ሙሉ ክብደት 1,200 ነጥብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አመልካች ከዚህ ስንት እንደደረሰው በኮምፒውተር ተሰልቶ ይነገረዋል። በየጊዜው የመቁረጫ ነጥብ ይወጣል፤ ከመቁረጫው በላይ የሆነ ይጠራል፣ በታች የሆነ ይጠብቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ዕድሜ ነው። ያላገባ አመልካች ከ20 እስከ 29 ዓመቱ 110 ነጥብ አለው። 30 ሲሞላው 105 ይሆናል፤ በ35 ዓመቱ 77፣ በ40 ዓመቱ 50፣ በ45 ዓመቱ ዜሮ። ሽበት በሚከበርበት አገር ያደገ ሰው ከ30 ጀምሮ እያንዳንዱ የልደት በዓል አምስት ነጥብና ከዚያ በላይ እንደሚያስከፍለው የሚማረው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ካናዳ የምትፈልገው ወጣትም ልምድ ያለውም ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ቢገኝ ያለ ጥርጥር ይቀድማል።

ቋንቋ ይከተላል። የናይጄሪያ የመንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ቺኑዋ አቼቤ በዓለም የታወቁት በእንግሊዝኛ ድርሰቶቻቸው ነው፤ ወሌ ሶይንካም በ1986 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በዚያው ቋንቋ ጽፈው ነው። ሆኖም አመልካቹ እንግሊዝኛ መቻሉን በፈተና ማሳየት አለበት። ለፍትሕ ሲባል እንግሊዛዊውም አሜሪካዊውም እንደሚፈተን መታወቅ አለበት፤ ካናዳ በዚህ ነገር አታዳላም፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ራሱ ቢያመለክት መፈተኑ አይቀርም። በአይኤልትስ ፈተና ጥሩ ነጥብ የሚያስገኘው በማዳመጥ 8፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር ደግሞ 7 ማምጣት ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ማስተርስ በእንግሊዝኛ የተማረ የሌጎስ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ቋንቋው ሊጠፋበት ስለሚችል፣ ገንዘቡን ከፍሎ እንደገና ይፈተናል። ሶይንካ ቢያመለክቱም ብዙ ተስፋ የላቸውም፦ በቅጹ ላይ ለኖቤል የተመደበ ነጥብ የለም፤ የተወለዱት በ1934 ስለሆነም የዕድሜ ነጥባቸው ዜሮ ነው።

ፈረንሳይኛ ለሚችል ሌላ በር አለ። በየካቲት 2024 ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የወጣው መቁረጫ እስከ 336 ወርዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት አጠቃላዩ መቁረጫ ከ500 በላይ ነበር። ናይጄሪያ በቤኒን፣ በኒጀር፣ በቻድና በካሜሩን የተከበበች አገር ናት፤ ከካሜሩን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክፍል በቀር አራቱም በፈረንሳይኛ የተገዙና የተማሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከእነርሱ ጋር ለመነጋገር ስድሳ ዓመት ያልተጣደፈው የሌጎስ ነዋሪ ዛሬ ለኦታዋ ሲል ሌሊት ግሥ ሲያረባ ያድራል። ኤክስፕረስ ኢንትሪ ኩቤክን አይጨምርም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ፈረንሳይኛ የሚጠናው ፈረንሳይኛ እምብዛም በማይሰማበት ክፍለ ሀገር ሄዶ ለመኖር ነው።

ከዚያ ገንዘብ አለ። በ2025 በወጣው ተመን ብቻውን የሚሄድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር፣ አራት ሆኖ የሚሄድ ቤተሰብ 28,362 ዶላር በባንክ ማሳየት አለበት፤ የማመልከቻውና የመኖሪያ ፈቃዱ ክፍያ ለብቻው ነው። የናይራ ምንዛሬ ደግሞ በሰኔ 2023 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 460 ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ1,500 ናይራ አልፏል። በዚህ ስሌት የአራት ሰው ቤተሰብ የሚያሳየው ገንዘብ ከ30 ሚሊዮን ናይራ በላይ ነው። የናይጄሪያ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 70,000 ናይራ ሆኗል። ይህ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሳይበላና ሳይጠጣ ቢያጠራቅም 35 ዓመት ይፈጅበታል፤ ያኔ የዕድሜ ነጥቡ የለም። ገንዘቡ የብድር መሆን የለበትም፤ አመልካቹ ዕዳ ካለበትም በባንኩ ደብዳቤ ላይ መገለጽ አለበት። ይህን የዕዳ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ቶሮንቶ ሲደርስ ይፈለጋል።

ዲግሪውም ይገመገማል። ኦታዋ ያወቀችው ገምጋሚ ድርጅት ከኢባዳን ወይም ከኑሱካ ዩኒቨርሲቲ የተላከውን ማስረጃ መርምሮ፣ ከካናዳ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። የት የት እንደሚያገለግል ወደ ኋላ ይታያል።

የናይጄሪያ መንግሥትም በሥርዓቱ ውስጥ ድርሻ አለው፣ ይህም ሰዎቹን ለመውጣት ማዘጋጀት ነው። ራሳቸው ሐኪም የሆኑት የወቅቱ የሥራ ሚኒስትር ክሪስ ንጊጌ በ2019 በቴሌቪዥን ቀርበው አገሪቱ የተረፉ ሐኪሞች እንዳሏት፣ መሰደዳቸውም እንደማያሳስባቸው ተናግረው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ አዲስ ሐኪም አምስት ዓመት በአገሩ ሳይሠራ ሙሉ ፈቃድ እንዳይሰጠው የሚል ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ለሁለተኛ ንባብ አለፈ። የተረፈውን ሐኪም በአዋጅ ለመያዝ መሞከር ጥልቅ የኢኮኖሚ ዕውቀት የሚጠይቅ ስለሆነ እዚህ አይተነተንም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በቶሮንቶ ፒርሰን አየር ማረፊያ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነው፣ ሽማግሌ ልኮ ዘር ማንዘሯን አስቆጥሮ፣ ጥሎሽም ከእርሷው ተቀብሎ ያገባትን ሙሽራ በሠርጉ ማግስት «ሙያ አላት እንዴ?» ብሎ ወጥ ቤት እንዳትገባ ባዘዘው ወንድ ታሪክ ይመሰላል። ሙሽራይቱ ግን ካፖርት ገዝታለችና መመለስ አትችልም።

የመጀመሪያው ችግር ቤት ነው። አከራዩ የሥራ ደብዳቤና የክሬዲት ታሪክ ይጠይቃል። የክሬዲት ታሪክ ማለት ተበድሮ የመክፈል መዝገብ ነው። ኦታዋ የብድር ገንዘብ ያልያዘ ሰው ፈልጋ መርጣ ነበር፤ አከራዩ ደግሞ ዕዳ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ያስፈራዋል። በሌጎስ ባንክ ውስጥ የብድር ክፍል ኃላፊ የነበረ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ናይራ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ ሲወስን የኖረ ሰው፣ በቶሮንቶ አጠገብ በብራምፕተን አንድ ክፍል ቤዝመንት ለመከራየት ታማኝነቱ ባለመታወቁ የወራት ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል። ያ 15,263 ዶላር ለምን እንደተጠየቀ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ችግር «የካናዳ የሥራ ልምድ» ይባላል። ምን እንደሆነ በትክክል የገለጸው ሰው የለም፤ የሌለው ግን በቀላሉ ይታወቃል። ሒሳብ ሠራተኛው አሥር ዓመት መዝገብ ይዟል፤ ዴቢትና ክሬዲት አትላንቲክን ሲሻገሩ ቦታ አልተለዋወጡም። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ በ2024 ብቻ ደጋግሞ በወደቀ የኃይል መረብ ላይ፣ በጄኔሬተርና በብልሃት ሆስፒታል ሲያበራ የኖረ ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ለመሥራት ግን ልምድ የለውም። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ይህን ሲነግረው ፈገግ ይላል፣ ይቅርታም ይጠይቃል፣ ሲቪው «እጅግ አስደናቂ» መሆኑንም ይመሰክራል። ካናዳውያን ጨዋዎች ናቸው፤ ሰውን ያለ ምስጋና አያባርሩም።

ልምዱን ለማግኘት መቀጠር ያስፈልጋል፤ ለመቀጠር ልምዱ ያስፈልጋል። ነገሩ መውጫ የሌለው እንዳይመስል አማካሪዎች መፍትሔ አዘጋጅተዋል፣ እርሱም በነጻ መሥራት ነው። ካናዳን የሚያህል አገር ለማገልገል የተመረጠ ሰው ደመወዝ መጠየቁ ትሕትና ማጣት ስለሚሆን፣ ጥቂት ወር «በጎ ፈቃደኛ» ሆኖ ፋይል ይደረድራል። ሌላው መፍትሔ ከሲቪው ላይ ማስተርሱን ማጥፋት ነው። ያ ዲግሪ ነጥብ ያስገኘ፣ ተገምግሞ እኩል ነው የተባለ፣ ወረቀት የተሰጠው ዲግሪ ነው፤ አሁን ግን መጋዘን ለመቀጠር ዕንቅፋት ሆኗል። ስለዚህ ስደተኛው ኦታዋ ያረጋገጠችለትን ትምህርት እንዳልተማረ ሆኖ ያመለክታል። ሐሰተኛ ዲግሪ ማቅረብ ከአገር ያስባርራል፤ እውነተኛውን መደበቅ ግን ያስቀጥራል።

ይህ ልማድ ከኦታዋ የነጥብ ሠንጠረዥም የራቀ አይደለም። በዋናው የሥራ ልምድ ሒሳብ የሚቆጠረው በካናዳ የተሠራ ሥራ ብቻ ነው፦ ለአንድ ዓመት 40፣ ለአምስት ዓመት 80 ነጥብ። በውጭ አገር የተሠራው ከጥሩ የቋንቋ ውጤት ወይም ከካናዳ ልምድ ጋር ካልተጣመረ ብቻውን ምንም አያስገኝም። ካናዳ ሄዶ ለመሥራት የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ ካናዳ ቢሠራ ይመረጣል ማለት ነው።

ሐኪሞች የተለየ ክብር አላቸው፤ ፈተናቸው ይበዛል። ፈተናውን ካለፉም በኋላ የልምምድ ቦታ ለማግኘት ይወዳደራሉ፣ ለውጭ ምሩቃን የሚተወውም ቦታ ጥቂት ነው። በዚያው ወቅት የቤተሰብ ሐኪም ያጡ ካናዳውያን በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በ2012 የወጣ የፌዴራል መንግሥት ጥናት ከአገሪቱ የታክሲ ሹፌሮች ግማሽ ያህሉ ስደተኞች እንደሆኑ አሳይቷል፤ ከእነርሱም 200 ያህሉ የዶክትሬት ወይም የሕክምና ዲግሪ ነበራቸው። ለሕመምተኛው የቀረበለት አማራጭ ግልጽ ነው፦ ሐኪም እንዲያየው ከፈለገ ታክሲ ይጥራ። ይህ የናይጄሪያውያን ብቻ ዕጣ አይደለም። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ክትፎ ሊበላ የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ በጎረቤት ጠረጴዛ ከተቀመጡት የአገሩ ልጆች መካከል ስንቱ በምን ተመርቆ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቅ ምሳው አይጣፍጠውም።

ሥርዓቱ ያለ ማስታወቂያ ወጪ የሚቀጥለው በፎቶግራፍ ነው። አዲሱ ነዋሪ በመጀመሪያው በረዶ ወጥቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሁለት ጣቱን አንሥቶ ይነሣና ወደ ሌጎስ ይልካል። ከፎቶው ውጭ የቀሩት የሌሊት ፈረቃው፣ ቤዝመንቱና የተሰረዘው ማስተርስ ናቸው። እናት ፎቶውን በቤተ ክርስቲያን ታሳያለች። የአክስት ልጅ አይቶ አይኤልትስ ይመዘገባል። እውነቱን የሚናገር ቢገኝ እንኳ ቀድሞ ገብቶ በሩን ሊዘጋ ነው ተብሎ ይታማል፤ ስለዚህ አይናገርም፣ ምክር ሲልክም «ወፍራም ካልሲ ያዙ» ይላል።

በጥቅምት 2024 ኦታዋ ለ2025 ያቀደችውን 500,000 አዲስ ቋሚ ነዋሪ ወደ 395,000 ዝቅ አደረገች፤ ለ2027ም 365,000 ብቻ አቀደች። ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው የቤት እጥረት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው አልተገኘም ተባለ፤ ሲቪል መሐንዲሱ በዚያን ሰዓት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደረ ነበር።

ማረም የሚሞክሩም አሉ። የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የካናዳ ልምድ መጠየቅ በመሠረቱ አድልዎ እንደሆነ የሚገልጽ መመሪያ ያወጣው በ2013 ነው። የክፍለ ሀገሩ የመሐንዲሶች ማኅበር ይህን መስፈርት ከፈቃድ አሰጣጡ ያወጣው አሥር ዓመት ቆይቶ በግንቦት 2023 ነው። ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ በኦንታሪዮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሥራ ማስታወቂያውና በማመልከቻ ቅጹ ላይ የካናዳ ልምድ እንዳይጠይቅ በሕግ ተከልክሏል። 24 ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ እንደ ልቡ ነው፤ 25 ያለውም የተከለከለው መጻፉን ነው።