ባለቤት በሌለበት ቤት ስለሚደረግ ጥየቃ፦ የመነሻ ጥናት

ስለ ሰው ልጅ የጥየቃ ባህል በተጻፉ ሥራዎች ተገቢውን ቦታ ያላገኘ አንድ ቤት አለ። ቤቱ ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ ፍሎሪዳ፣ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው የዲዝኒ መዝናኛ ውስጥ ቆሟል፤ መዝናኛው ከተከፈተበት ከ1971 ጀምሮም (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሕዝብ ሲወጣበትና ሲወርድበት ኖሯል። ጠያቂው መግቢያውን ከፍሎ ይመጣል፣ በገዛ እግሩ ደረጃ ይወጣል፣ የማያውቃቸውን ሰዎች አልጋ ያያል፣ ይወርዳል። ባለቤቶቹ አንድም ቀን ቤት ተገኝተው አያውቁም።

ስለ ባለቤቶቹ ያለው መረጃ አወዛጋቢ ነው። ዮሐን ዳቪድ ቪስ የተባለ የስዊዝ ቄስ ለአራት ወንዶች ልጆቹ ያወራው የነበረ ታሪክ በ1812 መጽሐፍ ሆነ፤ በመጽሐፉም መርከብ ተሰብሮባቸው ደሴት ላይ የቀሩ አባት፣ እናትና አራት ወንዶች ልጆች አሉ። ዲዝኒ በ1960 ፊልም ሲያደርገው ልጆቹ ሦስት ናቸው። ከመጽሐፉ ወደ ፊልሙ በተደረገው ጉዞ ጃክ የተባለው ልጅ የት እንደቀረ የጠየቀ የለም፤ ወላጆቹም ሲያዝኑ አይታዩም።

ፊልሙ የተቀረጸው በቶቤጎ ደሴት፣ ሥር ባለው ዛፍ ላይ ነበር። በ1962 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ባለው ዲዝኒላንድ ውስጥ አምሳያው በኮንክሪትና በብረት ተሠራ። በዓመቱ ፍሎራ የተባለ አውሎ ነፋስ የቶቤጎውን ቤት ጠራርጎ ወሰደው፤ የአናሃይሙ ግን አልተነቃነቀም። ከዚህ በመነሳት ዛፍ ላይ ቤት መሥራት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዛፉን ቢያስወግድ ይመከራል።

የአናሃይሙ ዛፍ የላቲን ስም ሳይቀር አለው፤ ዲዝኒዮዴንድሮን ሴምፐርፍሎረንስ ግራንዲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ተክሉን ያበቀለው ኩባንያ ስለሆነ ሙያዊ ክርክር አልተነሳበትም። ቅጠሉ ፕላስቲክ ነው፤ 300,000 ነው ይሉታል። በበልግም በክረምትም ስለማይረግፍ ለቆጣሪ የሚመች ዝርያ ነው።

የቤት ይዞታውም ታሪክ አለው። በ1999 ስዊዞቹ ከአናሃይሙ ቤት ለቀቁና ጎሪላ ያሳደገው ታርዛን ገባበት። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘንም። የስዊዞቹ የኦርጋን ፖልካ ግን በታርዛንም ዘመን ከግራሞፎን ይሰማ ነበር፤ ተከራይ ሬዲዮውን ሳያጠፋ የሄደ ይመስል። በ2023 ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ተተካ፤ እናትየዋ ሙዚቃ ትወዳለች፣ ሴት ልጇ ኮከብ ትመለከታለች፤ እነሱም ቢሆኑ ቤት የሉም። የፍሎሪዳዎቹ ስዊዞች ግን እስካሁን አልለቀቁም።

እንደ አናሃይሙ ሁሉ ኮንክሪት ወደሆነው የፍሎሪዳ ቤት እንመለስ። እዚያ በእርግጥ የሚሠራው ነገር ውሃው ነው። ትልቅ መዘውር በቀርከሃ ኩባያዎች ከታች እየቀዳ እስከ ላይ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በቀርከሃ ቦይ እየተንቆረቆረ በየክፍሉ አጠገብ ቁልቁል ይወርዳል። ያለ ታንከር፣ ያለ ተራ። (ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህችን አንቀጽ ደግመው ማንበብ ይችላሉ።) የሚጠጣው ሰው ግን የለም። አልጋው ተነጥፏል፣ መጻሕፍቱ ተደርድረዋል፣ ወጥ ቤቱ ተሰናድቷል፤ የሚነድ እሳት ግን አይታይም። በሁሉም ፊት ገመድ ተወጥሯል።

ከአገር ቤት አሜሪካ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መጥተው ወደዚህ የሚወሰዱ እናቶች ለጥናቱ ልዩ ዋጋ አላቸው፤ ጥየቃ ምን እንደሆነ ያውቃሉና። ሰው ቤት ባዶ እጅ መግባት ይከብዳቸዋል። ደፍ ላይ ሲደርሱ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ይቃጣቸዋል፤ «ግቡ፣ ግቡ» የሚል ሳይኖር መኝታ ቤት ዘልቆ መግባት ደግሞ ነውር ነው። ጉልበታቸውን ይዘው እላይ ሲደርሱ ያለው ወንበር ከገመዱ ማዶ ነው። ቡናው ሦስተኛው ይቅርና አንደኛውም አልተፈላም። የተወለዱት አሜሪካ የሆኑ የልጅ ልጆቻቸው ግን በሁኔታው ቅንጣት ታህል ቅሬታ አላሳዩም፤ ለእነሱ ሰው የሌለበት ቤት እንደልብ የሚሮጥበት ቤት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይወጣል? የተለያዩ መላምቶችን መርምረናል። ጠንካራው፣ ሰልፍ ስለሌለው ነው የሚለው ነው። ሌላው ጨዋታ ሁሉ ሰልፍ አለው፤ እዚህ ግን መቀመጫ፣ ቀበቶ፣ የቁመት መለኪያ የሚባል የለም፤ ሰው እንደመጣ ይገባል። ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ደግሞ ሌሎች ሲሰለፉ ይታያሉ፤ ይህም የጉብኝቱ አካል እንደሆነ እንገምታለን።

የሕፃን ጋሪ ደረጃውን ስለማይወጣ፣ በየቤተሰቡ አንድ ሰው እታች ከጋሪና ከሻንጣ ጋር ይቀራል። ብዙውን ጊዜ አባት ነው። ቤተሰቡ እያለከለከ ሲወርድ «ምን አለ እላይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ሁሉ ደረጃ የወጣ ሰው «ምንም» ብሎ አይመልስም፤ ስለዚህ «እይታው ጥሩ ነው» ይሉታል። አባት ቀና ብሎ ኮንክሪቱን አየት ያደርግና ጋሪውን እየገፋ ወደ መውጫው ያመራል።